«ከአክስቴ ጋር ነው የምኖረው»

ባለፈው ሳምንት በሠፈራችን ባለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የእኔ ልጆች ራሳቸው ወላጆች ከሆኑ ቆይተዋል። የሄድኩት ርዕሰ መምህሯ «እባክዎ ሲስተር፣ የልጆቹን ዓይን ይዩልን» ብላ ስለለመነችኝ ነው። ነርስ ከሥራ እንጂ ከሠፈር ጡረታ አይወጣም።

በስብሰባው ላይ የአራተኛ ክፍል ውጤት ተነበበ። አማካዩ ከአምናው ወርዷል። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «ከክፍለ ሀገር የመጡት ልጆች እኮ በዙ! የእኛን ልጆች ወደ ኋላ የሚጎትቷቸው እነሱ ናቸው» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን አፍሬ ነው። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

በማግስቱ ስድስት ሜትር ለክቼ የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። መምህሩ የስም መዝገቡን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ዓይን አያለሁ፣ እሱ ዕድሜና የአሳዳጊ ስም ያነብልኛል።

በአገራችን ትምህርት የሚጀመረው በ7 ዓመት ነው። ስለዚህ አራተኛ ክፍል የ10 ዓመት ልጅ ክፍል መሆን ነበረበት። ከፊቴ ግን የ13 እና የ14 ዓመት ልጃገረዶችም ይቆማሉ። «ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ከአክስቴ ጋር ነው የምኖረው።» «አክስትሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው?» ስል ደግሞ፣ «እትዬ» ይሉኛል። አክስቷን «እትዬ» የምትል ልጅ እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ያሳፈረኝ ይህ ነው። በ1996 ዓ.ም. እኔም ቤት አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። «አስተምራታለሁ» ብዬ ለእናቷ ቃል ገብቼ ከወላይታ ያስመጣኋት ናት። አገሯ ሦስተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር፤ እዚህ ግን «ማንበብ አትችልም» ተብላ አንደኛ ክፍል ገባች። መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ ከክፍሉ መጨረሻ ሦስተኛ ሆነች። እኔም ለሥራ ባልደረቦቼ «ምን ላድርግ፣ ጭንቅላቷ አይቀበል!» እያልኩ አወራሁ።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ስገባ፣ እህቷ የላከችላትን ደብዳቤ እያነበበች ለብቻዋ ትስቃለች። ወረቀቱን አየሁት። በላቲን ፊደል የተጻፈ ወላይትኛ ነው። እሷ ሳትደናቀፍ ትወርደዋለች፤ ባለዲፕሎማዋ እኔ አንዷን መስመር እንኳ መረዳት አልቻልኩም።

ነገሩ ምስጢር አልነበረም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። የወላይታ፣ የሲዳማ፣ የኦሮሞ ልጆች በየቋንቋቸው የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። እንዲህ ሦስት ዓመት የተማረች ልጅ አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ ክፍል ስትገባ ቋንቋውንም «ሀ ሁ»ንም አንድ ላይ ትጀምራለች። መሃይም አይደለችም፤ በሌላ ፊደል የተማረች ናት።

ደግሞስ መቼ አጥንታ? ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ ቁርስ ትሠራለች፣ ማታ ሁላችን ከተኛን በኋላ ዕቃ አጥባ 5 ሰዓት ግድም ትተኛለች። እንቅልፍ ያጣ ልጅ የተማረውን እንደማይዝ ለሌሎች እናቶች ስመክር የኖርኩ ሴት፣ በገዛ ቤቴ አላየሁትም። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ሌላ ቤት በደመወዝ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላገኘኋትም።

ስለዚህ የአንድ ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ሲወርድ «አስተማሪው ሰነፍ ነው» ወይም «ልጆቹ ደነዞች ናቸው» ከማለታችን በፊት ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደተቀመጠ እንጠይቅ። ትኩሳት የበሽታ ስም አይደለም፤ የሆነ ቦታ ሕመም እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። ውጤትም እንደዚያው ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ጤና ጣቢያ ስሠራ ሰልፍ ላይ ወድቀው የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ። መድኃኒታቸው ስኳር በውኃና ዳቦ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ጀመረ። ይኸው መምህር እንደነገረኝ፣ ድሮ «ፈዛዛ» የሚባሉት አንዳንዶቹ ርቧቸው ኖሯል። ምግቡን ከተማው ሰጠ። እንቅልፍና የጥናት ሰዓት ግን ከቤት እንጂ ከማዘጋጃ ቤት አይመጣም።

ሕጉም ብዙ አያግዘንም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት ቢሆንም፣ የግለሰብ ቤት ውስጥ ሥራ ከአዋጁ ውጭ ነው። ተቆጣጣሪ ሆኖ ወጥ ቤታችን የሚገባ የለም። ያለነው እኛው ነን።

ቤታችሁ እንዲህ ያለች ልጅ ካለች ሦስት ነገር ልለምናችሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሥራ አትዘዟት። ለደብተሯ መብራትና ጠረጴዛ ስጧት። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ለእሷም ሂዱላት። መምህራን ደግሞ «ማንበብ አትችልም» ከማለታችሁ በፊት «በምን ቋንቋ ነበር የተማርሽው?» በሏት።

ከመረመርኳቸው መካከል አንዷ ከፊት ወንበር ሆና እንኳ ጥቁር ሰሌዳው አይታያትም። መነጽር ያስፈልጋታል። ለአሳዳጊዋ ወረቀት ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። «ሲስተር፣ ለእትዬ አይንገሩብኝ። ካላየሽማ ወደ አገርሽ ሂጂ ይሉኛል» አለችኝ።

ወረቀቱን አልሰጠኋትም። ቅዳሜ ራሴ በሩን አንኳኳለሁ። የምገባው ለመቆጣት አይደለም። ቡና ካፈሉልኝ እየጠጣሁ ስለ ወላይታዋ ልጅ አጫውታቸዋለሁ፤ መነጽሩን ከዚያ በኋላ አነሳለሁ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።