«በረደኝ» ማለት ነውር አይደለም



እዚህ ስዊድን ባሕር ውስጥ በስኩባ እንደምጠልቅ የሰማችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ አይበርድዎትም እንዴ?» ይበርደኛል እንጂ! እኔን የሚያሳስበኝ ግን በርዶት ሳለ «ደህና ነኝ» የሚለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ፊዚክስ። ውኃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ በልጦ ነው። 10 ዲግሪ አየር ላይ ሹራብ ይበቃል፤ 10 ዲግሪ ውኃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋቢ የሚያሞቀን በድርቡና በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው አይደል? ዌትሱትም እንደዚያው ነው። የተሠራበት ኒዮፕሪን በጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የተሞላ ነው። ታዲያ የቦይል ሕግ ትዝ ይላችኋል? 10 ሜትር ሲወረድ ግፊቱ እጥፍ ይሆንና አረፋዎቹ ይጨመቃሉ። ልብሱ የሚሳሳው በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ነው ማለት ነው። እንደ አይስላንዱ ሲልፍራ ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ድራይሱት የሚለበሰውም ለዚህ ነው። እሱ ውኃ አያስገባም፤ ከሥሩ የበግ ፀጉር ሹራብ እንጂ ጥጥ አይለበስም። ጥጥ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛልና።

ይሁን እንጂ የትኛውም ልብስ ብርዱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባል የለ? ብርድም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፤ ቁልፍ መጫን፣ ማሰሪያ መፍታት ያቅታል። ከዚያ ትንፋሽ ይፈጥንና የታንኩ አየር ቶሎ ያልቃል። ሐሳብም ይዘገያል። ሲወጣ የበረደው ሰውነት ደግሞ የተጠራቀመውን ናይትሮጅን በቀላሉ አያስወጣም፤ በዚህም ጠላቂዎች የሚፈሩት በሽታ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል።

መጥለቅ ደግሞ የብቻ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። ጣቴ ከደነዘዘ ጓደኛዬን መርዳት አልችልም። «ችዬዋለሁ» ብዬ ዝም ስል የምቆምረው በራሴ ነፍስ ብቻ አይደለም።

በጠላቂዎች ዘንድ ጥሩ ደንብ አለ፦ ማንም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይጠየቅ «እንውጣ» ማለት ይችላል። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማሳየት ብቻ ነው። ችግሩ፣ ይሉኝታ ውኃ ውስጥም አብሮን ይወርዳል። «ይህን ያህል መንገድ ነድተን መጥተን፣ በእኔ ምክንያት ይቅር?» ይላል አዲሱ ልጅ፤ እየተንቀጠቀጠም ይከተላል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መጀመር ያለበት ልምድ ያለው ሰው ነው። እኔ ከመግባታችን በፊት «ቶሎ ይበርደኛል፤ ጣቴ መደንዘዝ ሲጀምር እንወጣለን» እላለሁ። ይህን ከሰሙ አዲሶቹም ሲበርዳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ክንዳቸውን እያሻሹ ምልክት ለማሳየት አያፍሩም። ደረቱን ነፍቶ «ይህ ምን ብርድ ነው!» የሚል አስተማሪ ግን ልጆቹን ዝምታ እያስተማራቸው ነው።

ድራይሱት ውድ ነው፤ ሁሉም ሰው ላይገዛው ይችላል። «በረደኝ» ማለት ግን ሳንቲም አያስወጣም። ባሕሩ ነገም እዚያው ነው።

እናንተስ? በየሥራችሁ «በረደኝ» ለማለት የሚያሳፍር ቦታ የለም? እስቲ ጻፉልኝ።