ራሱን የሚያቃና አውሮፕላን መገልበጥን አያስተምርም

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ማብረር የለመደና አሁን ሉፕ (ወደ ላይ ወጥቶ ሙሉ ክብ መሥራት) እና ሮል (በቁመት ዙሪያ መሽከርከር) መማር የሚፈልግ ሰው የሚሰማው ምክር ከክበብ ክበብ፣ ከሻጭ ሻጭ ብዙም አይለያይም። «በጀመርክበት ቆይ» ይሉታል። ክንፉ ከላይ የተቀመጠው፣ እጅህን ስትለቅ ራሱን የሚያቃናው ማሠልጠኛ ሉፕም ሮልም ይሠራል፤ መጀመሪያ በእሱ ተማር፣ ቀጥሎ ክንፉ ከታች ወደሆነው ተሸጋገር፣ የኤሮባቲክስ አውሮፕላን የምትገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ብዙ አውሮፕላንም ከመሰበር አድኗል። ለፍጹም ጀማሪ ትክክል መሆኑን አልከራከርም። የምከራከረው ከዚያ በኋላ ስላለው ደረጃ ነው። አውሮፕላኑን አስነሥቶ፣ በግራም በቀኝም አዙሮ፣ ያለ ሰው እርዳታ በሰላም ማሳረፍ የቻለን ሰው «ኤሮባቲክስን በማሠልጠኛው ተማር» ማለት ስሕተት ነው። ምክሩ የቆመው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ በማየት ላይ ነውና፤ ራስን የማቃናት ጠባይን፣ በዝግታ መብረር መቻልንና አውሮፕላኑ ለመሪው የሚሰጠውን ምላሽ መጠን።

ማሠልጠኛውን ከምንነቱ እንጀምር። ዳይሂድራል የሚባለው የክንፎቹ አቀማመጥ ነው፤ ሁለቱ ክንፎች ከመሃል ወደ ጫፍ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወደዚያው ይንሸራተታል፤ ዝቅ ያለው ክንፍ አየሩን በበለጠ ማዕዘን ስለሚያገኘው ይነሣል፣ አውሮፕላኑም ይቃናል። ክንፉ ከላይ መቀመጡም ይህንኑ ያግዛል። (አካሉ ከክንፉ በታች እንደ ፔንዱለም ስለተንጠለጠለ ነው የሚባለው ግን አያስኬድም፤ ሥራውን የሚሠራው አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት በአካሉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ነው።) ሌላው የክንፉ ቅርጽ ነው። ቨርጂኒየስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1922 የነደፈው ክላርክ ዋይ የዚህ ዓይነቱ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ከላይ ጎበጥ ያለ፣ ከሥር አብዛኛው ጠፍጣፋ፣ በዝግታ ሲሄድም ብዙ የሚያነሣ።

አሁን ይህን አውሮፕላን ገልብጡት። ቀድሞ ያቃናው የነበረው ዳይሂድራል ከተገለበጠበት ሊያወጣው ይታገላል፤ ትንሽ ባዘነበለ ቁጥር ማዘንበሉ ይብሳል። ጎባጣው የክንፍ ገጽ ወደ መሬት ስለዞረ ከፍታውን ለመጠበቅ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የኤለቬተሩን ዱላ አጥብቆ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱ ሲለዋወጥ ደግሞ የሚገፋው መጠን ይለዋወጣል። ተማሪው በዚህ ጊዜ የሚማረው ተገልብጦ መብረርን ሳይሆን ከአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ጠባይ ጋር መታገልን ነው።

ጉዳቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በዝግተኛ ሮል ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይሽከረከር እንበል። የግራ ክንፉ ወደ መሬት፣ የቀኙ ወደ ሰማይ ሲያመለክት አፍንጫው እንዳይወድቅ የቀኝ ራደር (የጅራቱ ቋሚ መሪ) ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ ሲገለበጥ ኤለቬተሩ ወደ ፊት ይገፋል። ቀጥሎ የቀኝ ክንፉ ወደ መሬት ሲያመለክት የግራ ራደር ይሰጣል። የዝግተኛ ሮል ትምህርት በሙሉ ይኸው ነው፤ የሁለት እጅ ቅንጅት። ዳይሂድራል ባለው አውሮፕላን ግን ራደር አፍንጫውን ብቻ አያዞርም፤ አውሮፕላኑን ወደዚያው ጎን ያሽከረክረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው የቀኝ ራደር ሽክርክሩን ወደ ኋላ ይስባል፣ ሮሉም ይዘገያል። የመጨረሻው የግራ ራደር ደግሞ ከሽክርክሩ ጋር አብሮ ይገፋል፣ ሮሉም ይፈጥናል። ተማሪው ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ጊዜ አድርጎ የተበላሸ ሮል ያያል። ጥፋቱን በእጁ ላይ ይፈልጋል፣ የሌለ ስሕተት ያርማል፣ ያንን እርማት ይለምደዋል። ወደ ኤሮባቲክስ አውሮፕላን የተሸጋገረ ቀን ልምዱን መልሶ ማፍረስ አለበት። የተለመደው ምክር ይህን ዋጋ አይቆጥረውም፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ብዙዎች «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው፤ እጃቸው ግን ምንም አላጎደለም።

«ማሠልጠኛም እኮ ሉፕ ይሠራል» የሚለው መልስ እውነት ነው። ሩሲያዊው አብራሪ ፒዮትር ኔስቴሮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 ኪየቭ ላይ ሉፕ የሠራው ለዚህ ተብሎ ባልተሠራ ኒዩፖር አውሮፕላን ነበር። ነገር ግን አውሮፕላኑ አንድን ነገር መሥራት መቻሉ ያንን ነገር ለማስተማር ብቁ ነው ማለት አይደለም። መንገዱን የለመደች በቅሎ ተቀማጯን ቤቱ ታደርሰዋለች፤ ልጓም አያያዝ ግን አታስተምረውም።

ብርቱው ተቃውሞ ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚመጣው ነው። በአሜሪካ ስንት አብራሪ ኤሮባቲክስን የተማረው ክንፋቸው ከላይ በሆነ በሲታብሪያና በዴካትሎን ነው፤ ለሰው የበቃ ለሞዴል እንዴት ያንሳል? ተቃውሞው ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው ከሲታብሪያ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴካትሎን የመጣው ተገልብጦ መብረርን ለማሻሻል ነው፤ ክንፉ ከሥርም ከላይም ወደ ተመሳሳይነት የቀረበ ነው። ስለዚህ ምሳሌው እኔን ይደግፋል፤ ጥያቄው ክንፉ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚል ሳይሆን ክንፉ ምን ዓይነት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ከባድ ነው። በውስጡ የተቀመጠ አብራሪ አውሮፕላኑ የሚያደርገውን በሰውነቱ ይሰማዋል፤ ወንበሩ ሲጫነው፣ ቀበቶው ሲይዘው፣ ዱላው ሲከብድ ያውቃል። መሬት ላይ የቆመ የሞዴል አብራሪ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። ከሩቅ ያየው እንቅስቃሴ እጁ ያዘዘው ይሁን አውሮፕላኑ በራሱ ያደረገው የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም። ለእሱ የሚበጀው እንግዲህ ካልታዘዘ በቀር ምንም የማይጨምር፣ ሲገለበጥም ቀጥ ብሎ ሲሄድም አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው አውሮፕላን ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኮርሲካ የሬዲዮ ኤሮባቲክስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ፊል ክራፍት በዚያው ዘመን አግሊ ስቲክ የተባለውን ሞዴል ሠርቶ ነበር። ሳጥን የመሰለ አካል፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ወርዱ የማይለወጥ ወፍራም ክንፍ፣ የክንፉ የላይና የታች ጉብታ እኩል። ክንፉ ከላይ ነው፤ ግን ራሱን አያቃናም። ስንት ሰው መገልበጥን የተማረው በዚህና ከዚህ በተቀዱ አውሮፕላኖች ነው። በአስተማሪነቱ ከብዙ ውብ አውሮፕላን እበልጣለሁ ቢል ያምርበታል።

«ራሱን የማያቃና ከሆነ ጀማሪ እጅ ላይ አደገኛ ነው» የሚለው ፍርሃት የሚመጣው መጀመሪያ ካልኋቸው ሦስት ነገሮች መደባለቅ ነው። አውሮፕላኑ ምን ያህል በዝግታ ሊያርፍ እንደሚችል በአብዛኛው የሚወስነው በእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር ክንፍ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። የክንፉ ርዝመት 1.2 ሜትር፣ ስፋቱ 30 ካሬ ዴሲሜትር፣ ክብደቱ 1.4 ኪሎ የሆነ ሞዴል በካሬ ዴሲሜትር 47 ግራም ያህል ይሸከማል፤ ይህ በእርጋታ ያርፋል። ክብደቱ 2 ኪሎ ቢሆን 67 ግራም ይደርሳል፣ ያው አውሮፕላን ቸኩሎ የሚወርድ ይሆናል። የምላሹን መጠን ደግሞ የሚወስነው መሪዎቹ የሚታጠፉበት ማዕዘን ነው፤ ኤለሮኑ (የክንፉ መሪ) ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ እንዲታጠፍ ሬዲዮው ላይ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። «ነርቨስ» ሆነ የሚባለው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ መሪው የበዛበት ነው።

የኤክስትራ 300 ትንንሽ ቅጂ ገዝተው በሳምንቱ የሰበሩ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ የተለመደው ምክር ደጋፊዎችም ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። ዋልተር ኤክስትራ የነደፈው ትልቁ አውሮፕላን ድንቅ ነው፤ ክንፉ ግን ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ሲያንስና ሲከብድ እንዲህ ያለ ክንፍ ፍጥነት ባነሰ ጊዜ ከጫፉ አየሩን ይለቅና አንድ ጎኑ ድንገት ይወድቃል፤ ያውም ለማረፍ ሲቃረብ። ጥፋቱ የጠባቡ ጫፍና የክብደቱ ነው። ስለዚህ ወርዱ እስከ ጫፉ ብዙ የማይቀንስ፣ ወፍራምና ከላይም ከታችም እኩል የጎበጠ ክንፍ ያለውን ቀላል አውሮፕላን መምረጥ ነው። ኃይሉ ቢያንስ ክብደቱን የሚያህል ግፊት ይስጥ፤ አለዚያ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ መውጣት በፍጥነት ያልቃል።

ከሻጮች ዘንድ የሚሰማው ሌላ ምክር፣ መሪዎቹ 45 ዲግሪ የሚታጠፉለትን ስሪዲ የሚሉትን አውሮፕላን ከጋይሮ (አውሮፕላኑን በራሱ ከሚያረጋጋ መሣሪያ) ጋር ግዛ የሚለው፣ አጭር መልስ ይበቃዋል። እጅ ሲለቁ አውሮፕላኑን የሚያቃና ጋይሮ ዳይሂድራልን በኤሌክትሮኒክስ መልሶ ማምጣት ነው፤ የነፋስን ንውጽውጽታ ብቻ የሚያበርድ ከሆነ ግን አይጎዳም። ስሪዲው ራሱ በአፍንጫው ለመንጠልጠል የተሠራ ነው፤ በጣም ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይጥለዋል፣ ሰፊና ቀጥ ያለ መስመር ለመሳል የሚያስችል ግስጋሴ ያንሰዋል።

ለደጋ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ ካታሎጎች አይነግሩትምና። በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም አዲስ አበባ አካባቢ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ማረፊያውም በዚያው ልክ ይፈጥናል። በሜታኖል የሚሠራ ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ባይተነፍስም ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስለሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 60 ግራም በካሬ ዴሲሜትር ይበቃል የተባለ ተማሪ እዚህ ከ50 በታች ይፈልግ። እንዲያው «የተረጋጋ» የሚለውን ቃል በማስታወቂያ ከመፈለግ ክብደቱን ለክንፉ ስፋት ማካፈል የበለጠ ይጠቅመዋል።

አውሮፕላኑ ከተገዛ በኋላ የስበት ማዕከሉ መስተካከል አለበት፤ አምራቾች ለጥንቃቄ ብለው አፍንጫውን ከበድ ያደርጉታልና። በቂ ከፍታ ላይ በ45 ዲግሪ ወደ ላይ እያወጡ መገልበጥ፣ ከዚያ የኤለቬተሩን ዱላ መልቀቅ ነው። አፍንጫው ወዲያው ወደ መሬት ከታጠፈ ባትሪው ትንሽ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ወደ ሰማይ ከተነሣ ወደ ፊት ይመለስ። መስመሩን ጥቂት ይዞ በዝግታ ከወረደ ተስተካክሏል። የመጀመሪያው ልምምድ ሉፕም ሮልም ባይሆን እመርጣለሁ፤ ከፍ ብሎ፣ ተገልብጦ፣ ሜዳውን በግራም በቀኝም መዞር ይሁን። በተስተካከለ አውሮፕላን ዱላውን ትንሽ መግፋት ብቻ ይበቃል፤ ተማሪው የሚያየው ለውጥ በሙሉም የራሱ እጅ ሥራ ነው።