ካሜራው ሲጠፋ ወታደሩ የት ያድራል?

ወገን፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የካቲት 26 ሲደርስ ፕሮፋይልህን ካራማራ ታደርጋለህ አይደል? ታንኩ፣ ባንዲራው፣ ከስር «ክብር ለጀግኖቻችን»። አንቺም እህቴ ሼር ታደርጊያለሽ። ጥሩ ነው፣ አድርጉ። ግን በ1970 ካራማራ ላይ የተዋጋው የ20 ዓመት ልጅ ዛሬ 70 ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የት ነው ያለው? አንዳንዱ ልጆቹ ጋ ነው። አንዳንዱ የቤተክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ካርቶን አንጥፎ በረንዳ ላይ ያድራል። ፕሮፋይልህ ላይ የለጠፍከው ሰውዬ ትናንት እጁን ሲዘረጋልህ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ያለፍከው ሊሆን ይችላል እኮ!

አሁን ደግሞ ፋሽን መጥቷል። በዓል ሲቃረብ አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ «ለአገር ባለውለታዎች ማዕድ የማጋራት መርሃ ግብር» ይባላል። ሽማግሌዎቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የክብር እንግዳው 5 ሰዓት ይመጣል። ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ደግሞ ንግግር። ከዚያ ዘይት፣ ዱቄት፣ ብርድ ልብስ። ሰጪዎቹ ለሦስት አንዷን ጀሪካን ይዘው ካሜራ ያያሉ፣ ተቀባዩ መሬት መሬቱን ያያል። ማታ ፎቶው ይለጠፋል፣ ላይኩ ይዘንባል። ለመሆኑ ቤት የሌለው ሰው ዱቄቱን ምን ላይ ሊጋግረው ነው? ማንም አልጠየቀም።

ማብላት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የራበው ይብላ፣ የበረደው ይልበስ። የምለው፣ በረንዳ የሚያድር ዘማች ትልቁ ችግሩ የዛሬ ምሳ አይደለም፣ ወረቀት ነው። ቤት ስለሌለው የቀበሌ መታወቂያ የለውም። መታወቂያ ስለሌለው የጤና መድን ውስጥ አይገባም፣ ባንክ ሄዶ ደብተር አያወጣም። ጡረታ ይገባው እንደሆነ ልጠይቅ ቢል ጥበቃው ከበር ይመልሰዋል። ታዲያ ጀሪካን ሰጥተህ ስትሸኘው ነገ እዚያው በር ላይ ነው የሚቆመው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ። ግንቦት 1983 ላይ ከአፍሪካ ትልልቅ ጦሮች አንዱ የነበረ ሠራዊት ተበተነ። ከ400 ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው። ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር፣ እውነት ነው፣ ስንቅና ትንሽ ገንዘብ ተሰጥቷል፣ ገጠር የገባው ከዘመዱ ጋር እንደምንም ኑሮ ጀመረ። ከተማ የቀረውና አካሉን ያጣው ግን ልመና ላይ ወደቀ። ከሁሉ የባሰው ስሙ ነው። በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ወታደር «የደርግ ወታደር» ተባለ። ዛሬም ኮሜንት ላይ እንደዚህ የሚል አይጠፋም። ስማ፣ የዚያድ ባሬ ጦር ጅጅጋን ይዞ ሐረርን ሲከብ ያ ልጅ የቆመው ለመንግሥቱ ኃይለማርያም ወንበር አልነበረም። ደርግን ጥላ፣ መብትህ ነው። በዚያ ሰበብ ግን የሰውየውን እግር ዕዳ አትካድ።

የባድመው ዘማችስ? በ1990 የ20 ዓመት ልጅ የነበረው ገና 50ዎቹን እየነካ ነው። እሱ ከብርድ ልብስ ይልቅ ሥራ ነው የሚፈልገው። ከሰሜኑ ጦርነት አካላቸውን አጥተው የተመለሱትማ እድሜያቸው የኔና ያንተ ነው። ለነሱም 40 ዓመት ቆይተን ዘይት ልንሰጥ ነው?

ሌላ ቦታ እንዴት እንደተሠራ አንድ ምሳሌ ልንገርህ። በፈረንጆቹ 1988 ሳን ዲዬጎ ላይ የቬትናም ዘማቾች ራሳቸው ተነስተው ቤት ለሌላቸው ጓዶቻቸው ለሦስት ቀን ድንኳን ተከሉ። «ስታንድ ዳውን» አሉት፣ ወታደር ከግንባር ወጥቶ የሚያርፍበት ጊዜ እንደ ማለት ነው። ሐኪሙ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ንጹሕ ልብሱ፣ የሕግ ባለሙያው፣ የጥቅማጥቅም ጉዳይ የሚያስፈጽመው፣ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ። በዓመቱ ችሎቱ ራሱ እዚያው መጥቶ የተከመረባቸውን ቀላል ክስ አይቶ ዘጋላቸው። ክሱ ሲዘጋ ሥራና ቤት መፈለግ ተቻለ። አሜሪካን ላወድስ አይደለም፣ እዚያም መንገድ ላይ የሚያድር ዘማች ሞልቷል። አሠራሩን ግን ተመልከት። ሰውየውን ቢሮ ለቢሮ ከማንከራተት ቢሮውን እሱ ጋ ማምጣት።

እኛስ ምን ያግደናል? ለካራማራ ቀን የባነሩንና የቲሸርቱን ብር ለድንኳን እናውለው። የፋይዳ መዝጋቢ ይምጣ፣ የወረዳው ሰው ማህተሙን ይዞ ይምጣ፣ ነርስ ግፊትና ስኳር ትለካ። የሰው ሠራሽ እግር ባለሙያ የተሰበረውን አይቶ ይቅጠር። ሕግ የተማራችሁ ማመልከቻ ጻፉ። ማስረጃ የጠፋበት ደግሞ ብዙ ነው፣ ስለዚህ የድሮ ጓዶቹ አብረው ይጠሩ። ማን በየትኛው ክፍለ ጦር እንደነበር፣ የት እንደቆሰለ ከነሱ የተሻለ ምስክር የለም።

ዋናው ሥራ ግን ሰኞ ነው። ማመልከቻው እጁ ላይ እንዳይቀር አብሮት ወረፋ የሚቆም አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ይሄን ደግሞ ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ዲግሪ ይዘን ስንት ዓመት ነው ሲቪ ኮፒ ስናደርግ፣ «ነገ ተመለሱ» ስንባል የኖርነው? ብር የለንም፣ ጊዜ ግን ሞልቶናል። አንድ ሰው አንድ ዘማች ይያዝ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ አይልቀቅ፣ በቃ።

«የመንግሥት ሥራ ነው» ትላለህ። ልክ ነህ፣ ነው። ግን ብቻውን የሄደን ሽማግሌ ማባረር ቀላል ነው። 50 የተሟላ ፋይል ይዞ፣ የመዝገብ ቁጥር ተቀብሎ በየሳምንቱ የሚመላለስን ወጣት ማባረር ግን ይከብዳል። መንግሥትን መጠየቅ ማለት እንዲህ ነው እንጂ ስቶሪ ላይ መሳደብ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራ። ሰፈርህ ያሉትን ታውቃቸዋለህ። ቁጭ ብለህ «ጋሼ፣ የት ክፍለ ጦር ነበሩ?» በላቸው። መታወቂያ እንዳላቸው፣ የሕክምና ካርድ እንዳላቸው፣ ዘመድ እንዳላቸው ጠይቅ፣ የሚያናግርህ ከፈቀደ ብቻ። ሰፈሩንና የጎደለውን ነገር በኢንቦክስ ላኩልን፣ አብሮ የሚሄድ ሰው እንመድባለን። ስማቸውን ኮሜንት ላይ አትጻፉ። ፎቶ አንቀበልም።