ሐኪሙ የደበቀው መድኃኒት

ከቡሬ ዙሪያ ገጠር ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ጤና ጣቢያ የደረሰ ገበሬ «መርፌ ሳልወጋ አልመለስም» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። መርፌ ከክኒን፥ ክኒንም ከምክር ይበልጣል የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሐኪም ሕመሙ መድኃኒት የማያሻው መሆኑን እያወቀ፥ በሽተኛውን ላለማስከፋት ሲል ቪታሚን ወግቶ ይሸኘዋል።

እንዲህ ያለውን ሕክምና ሊቃውንቱ «ፕላሴቦ» ይሉታል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው «ደስ አሰኛለሁ» ማለት ነው።

ብዙ በሽተኛ «ከተሻለኝ ምን ቸገረኝ» ይላል። ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። በተስፋ የተወሰደ ነገር ሥቃይንና ማቅለሽለሽን ሊያስታግሥ ይችላል። ነገር ግን የወባን ተሐዋሲ አይገድልም፤ የሳንባ ነቀርሳንም አያድንም። ወደ ዐባይ በረሓ ወርዶ ሲሠራ የከረመ ሰው ደሙ ሳይመረመር ቪታሚን ተወግቶ ቢመለስ፥ ደስታው ስንት ቀን ይቆያል? ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህም ሁሉ ገበሬው እህሉን ሸጦ በከፈለው ገንዘብ ነው!

«በሽተኛው ካወቀማ አይሠራም» የሚሉ አሉ። የሃርቫርዱ ቴድ ካፕቸክና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ባወጡት ጥናት ግን፥ አንጀታቸው እየታወከ ከሚሠቃዩ 80 በሽተኞች መካከል ለከፊሎቹ ክኒኑ መድኃኒት እንደሌለበት በግልጽ ነግረው ሰጧቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክኒኑን ከወሰዱት 59 በመቶው፥ ካልወሰዱት ደግሞ 35 በመቶው በቂ እፎይታ አገኘን አሉ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም፥ ማታለል የግድ አለመሆኑን ያመለክታል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በሽተኛው በሽታውን እንዳይደብቅ የምንጠይቅ ከሆነ፥ ሐኪሙም መድኃኒቱን ሊደብቅ አይገባውም። መታለሉን የደረሰበት ሰው እውነተኛው ሕመም በመጣበት ቀን አይመለስም፤ ወሬውም በገበያ ይዳረሳል።

እናንተ የሕክምና ተማሪዎች ሆይ! ነገ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ስትመደቡ በር ላይ ረዥም ሰልፍ ይጠብቃችኋል። መርፌ መውጋት ጊዜ አይፈጅም፤ «አባቴ፥ ይህ ሕመም መርፌ የማያሻው ስለዚህ ነው» ብሎ ማስረዳት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መምህሮቻችንም ከመድኃኒቱ ስም ጋር ይህንኑ አነጋገር እንዲያስተምሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።