አብሽ በሌላ ማዕድ
በአዲስ አበባ ካሉት የየመን ምግብ ቤቶች በአንዱ ቀትር ላይ በተቀመጥሁ ቁጥር በኅሊናዬ የሚመላለስ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከእሳት እንደ ወረደ ገና እየተንተከተከ በድንጋይ ድስት በሚቀርበው፣ ፋህሳ በተባለው የሥጋ ወጥ ላይ፣ አረፋ እስኪሆን ተመትቶ የሚደፋው ነጣ ያለ አብሽ ነው። እኛ በየቤታችን ዘፍዝፈን ከማር ጋር የምንጠጣው፣ ከቅመማችንም መካከል ስሙ እምብዛም የማይነሣው ያ ትሑት ዘር፣ ከባሕረ ኤርትራ ማዶ የማዕድ አክሊል ሆኖ ይከብራል፤ ትኩሱ ቂጣ በእጅ እየተቆረሰ ከድስቱ ዳር ዳር ሲጠቀስም የሥጋው ስብና የአብሹ ለስላሳ ምሬት በአንድ ጉርሻ ይዋሐዳሉ። እንግዲህ የባዕድ ማዕድ ትልቁ በረከት አዲስ ጣዕም ማስተዋወቁ ብቻ ሳይሆን፣ በገዛ ጓዳችን ሳለ ልማድ ያደበዘዘብንን ጸጋ በሌላ ሕዝብ ጥበብ ዳግመኛ መግለጡ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም ወደ እንግዳ ምግብ ቤት የሚገባ ሰው፣ ከእኛ ወጥ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ከሚል ሙግት ተቆጥቦ፣ ባለቤቶቹ እንደሚበሉት በልቶ፣ ወደ ዕለት ምሳውና እራቱ በታደሰ ልቡና ቢመለስ፣ ከመብል አልፎ ትምህርትን ያተርፋል።