13 ጊዜ አሸንፎ በር ላይ የቀረው ቡድን

እሑድ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋቾች ታላሃሲ ከተማ ውስጥ አንድ ላይ ተሰብስበው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል። በውድድር ዘመኑ 13 ጊዜ ተጫውተው 13ቱንም አሸንፈዋል። ገና ከአንድ ቀን በፊት የኮንፈረንሳቸውን ዋንጫ አንስተዋል። ለብሔራዊ ሻምፒዮናነት ከሚፋለሙት አራት ቡድኖች መካከል ስማቸው ሲጠራ መስማት ብቻ ነበር የቀራቸው።

ስማቸው አልተጠራም። ሚሺጋን፣ ዋሽንግተን፣ ቴክሳስና አላባማ ተባለ። ፍሎሪዳ ስቴት አምስተኛ ሆነ።

ከተመረጡት አራት ቡድኖች ሁለቱ፣ ቴክሳስና አላባማ፣ በዓመቱ አንድ አንድ ጊዜ ተሸንፈው ነበር። ያልተሸነፈው ውጭ ቀረ፤ የተሸነፉት ገቡ።

በስፖርት ቅሬታ አይጠፋም። ዳኛ ይሳሳታል፣ ኳስ ይነጥራል፣ ዝናብ ይዘንባል። እዚህ ግን በስህተት የነፋ ዳኛ የለም። ሜዳ ላይ የተሠራው ሁሉ ትክክል መሆኑን ሁሉም ወገን ተቀብሎ፣ ውሳኔው ግን ከሜዳ ውጭ ተሰጠ። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች እሮሮ ብቻ አይደለም። ማዕረግ የሚሰጠው ለሠራ ነው ወይስ ወደፊት ይሠራል ተብሎ ለተገመተ? ጥያቄው ይህ ነው።

▪️ ውድድሩ እንዴት ነው?

የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ስሙ የተማሪዎች ጨዋታ ይሁን እንጂ የቢሊዮን ዶላሮች ገበያ ነው። የፍሎሪዳ ስቴት ስታዲየም ብቻውን በ2023 ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይይዝ ነበር። በከፍተኛው ደረጃ ከ130 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ይወዳደራሉ። ተጫዋቾቹ የሚጋጩበት ጨዋታ ስለሆነ አንድ ቡድን በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይገጥምም፤ በመደበኛው የውድድር ዘመንም 12 ጨዋታ ገደማ ብቻ ያደርጋል። ስለዚህ እንደ አውሮፓ ሊጎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጋጥሞ ነጥብ የሚደመርበት መንገድ የለም። ቡድኖቹ በየኮንፈረንሳቸው ተከፋፍለው ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ የትኞቹ ለብሔራዊው ዋንጫ እንደሚፋለሙ አንድ አካል መወሰን አለበት።

ከ2014 ጀምሮ ይህን የሚወስነው 13 አባላት ያሉት የምርጫ ኮሚቴ ነው። አባላቱ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ኃላፊዎች፣ የቀድሞ አሰልጣኞች፣ የቀድሞ ተጫዋቾችና የመሳሰሉት ናቸው። ቴክሳስ ውስጥ፣ ከዳላስ አጠገብ ባለ ሆቴል በዝግ ይሰበሰባሉ። ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ ለሕዝብ አይነገርም። ሊቀመንበሩ ወጥቶ ውጤቱንና ምክንያቱን ያስረዳል፤ በዚያው ያበቃል።

▪️ ቡድኑ ከየት መጣ?

አሰልጣኝ ማይክ ኖርቬል በ2020 ሲመጣ የተረከበው የወደቀ ቡድን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 3 ጨዋታ አሸንፎ 6 ተሸነፈ። በሁለተኛው 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። በሦስተኛው ዓመት ግን 10 አሸነፈ። በ2023 ደግሞ የሚያቆመው ጠፋ።

በመክፈቻው ኦርላንዶ ላይ ጠንካራውን ሉዊዚያና ስቴት 45 ለ 24 ረታ። ለዓመታት ሲያንበረክከው የኖረውን ክሌምሰን በገዛ ሜዳው፣ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ 24 አሸነፈ። የቡድኑ አንቀሳቃሽ ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስ ነበር። በዚህ ጨዋታ ኳርተርባክ ማለት እያንዳንዱን የማጥቃት እንቅስቃሴ የሚጀምር፣ ኳሱን የሚያከፋፍል፣ የቡድኑ አእምሮ ነው። ትራቪስ ቡድኑ በወደቀበት ዘመን ገብቶ አብሮ የተነሣ ልጅ ነው።

ኖቬምበር 18 ቀን በአንፃሩ ቀላል በሆነ ጨዋታ፣ ገና በመጀመሪያው ሩብ፣ የትራቪስ እግር ክፉኛ ተጎዳ። በጋሪ ተጭኖ ወጣ። ቡድኑ ያን ቀን 58 ለ 13 አሸነፈ፤ ስታዲየሙ ግን የሐዘን ቤት መስሎ ነበር።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ክርክሩን ያመጣው። በሳምንቱ ተተኪው ኳርተርባክ ገብቶ የዘመናት ባላንጣውን የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን በባላንጣው ሜዳ 24 ለ 15 አሸነፈ። እሱም በዚያ ጨዋታ ተጎዳ። ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ሦስተኛው ተሰለፈ፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ሉዊቪልን 16 ለ 6 ረቱ። ጨዋታው ለዓይን አያምርም ነበር። የመከላከል ክፍሉ ግን እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ ተጋጣሚው በሙሉ ጨዋታው 6 ነጥብ ብቻ ይዞ እንዲወጣ አደረገ።

በአንድ ዓመት ሦስት ኳርተርባክ፣ ሽንፈት ዜሮ። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቡድን ነው።

▪️ የኮሚቴው ክርክር

ለኮሚቴው ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ያለ ምክንያት አልወሰነም። በመመሪያው ላይ ቁልፍ ተጫዋች ወይም አሰልጣኝ መጉደሉ ከግምት ሊገባ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። ሊቀመንበሩ ቡ ኮሪጋንም ያለ ትራቪስ ያለው ፍሎሪዳ ስቴት እስከዚያ ድረስ የታየው ቡድን አይደለም ሲል አስረዳ። በሌላ በኩል አላባማ በዚያው ቅዳሜ 29 ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈውን ጆርጂያን 27 ለ 24 ጥሎ መጥቷል። ቴክሳስ ደግሞ አላባማን በሴፕቴምበር፣ በአላባማ ሜዳ አሸንፎታል። አላባማን አስገብቶ ቴክሳስን መተው አይቻልም። ወንበሩ አራት ነው። አንዱ መውጣት ነበረበት።

ክርክሩ ሰሚ የሚያሳጣ አይደለም። ግን መሠረቱ ሲታይ ይንገዳገዳል። ኮሚቴው ያየው የሆነውን ሳይሆን ይሆናል ያለውን ነው። ተማሪ ፈተናውን ሁሉ ደፍኖ ሲያበቃ “አስጠኚህ ስለታመመ የሚቀጥለውን ትወድቃለህ” ተብሎ ከክፍል ቢባረር ማን ፍትሕ ነው ይላል? ግምት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል። ውድድር የሚባለው ነገር የተፈጠረው ግን ከግምት ለመገላገል ነው።

ደግሞም የዚያው ኮሚቴ የገዛ ታሪክ ይመሰክርበታል። በ2014፣ ውድድሩ በአራት ቡድን በተጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ኦሃዮ ስቴት አንደኛውን ኳርተርባክ ከውድድሩ መጀመሪያ በፊት፣ ሁለተኛውን በመደበኛው የውድድር ዘመን መጨረሻ ጨዋታ አጣ። ሦስተኛው ገብቶ የኮንፈረንሱን ዋንጫ 59 ለ 0 አመጣ። ኮሚቴው አራተኛ አድርጎ አስገባው። ኦሃዮ ስቴትም በዚያው ሦስተኛ ኳርተርባክ አላባማንና ኦሪገንን አከታትሎ ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ሰው ሲጎድል ቡድን አብሮ እንደማይሞት ኮሚቴው በዓይኑ አይቷል።

“ኦሃዮ ስቴት እኮ 59 ለ 0 ነው ያሸነፈው” የሚል መልስ ይሰጣል። እንግዲያውስ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፣ አምሮ ማሸነፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። የውበት ልኩን ግን ማን ነው የሚያውቀው? በየትኛው መመሪያ ላይ ተጽፏል? 16 ለ 6 ካነሰ፣ 26 ለ 6 ይበቃ ነበር? ተጫዋቹ የማያውቀውን መስፈርት ሊያሟላ አይችልም።

ከአምስቱ ታላላቅ ኮንፈረንሶች የአንዱ ሻምፒዮን ሆኖ፣ አንድም ሳይሸነፍ፣ ከአራቱ ውጭ የቀረ ቡድን በአሥሩ ዓመት ታሪክ ፍሎሪዳ ስቴት ብቻ ነው። በዚያው አሥር ዓመት የአላባማ ኮንፈረንስ ያልተወከለበት አንድም ዓመት የለም። ከዚህ ተነሥቶ ሴራ አለ ማለት ያለ ማስረጃ መክሰስ ነው። ሆኖም በዝግ ቤት የሚሰጥ፣ ድምፁ የማይታወቅ ውሳኔ ሐሜትን ራሱ ይወልዳል። ዳኛው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን የሚያሳይበት መስኮት የለውም።

ከሁሉም ልብ የሚነካው የትራቪስ ነገር ነው። ውሳኔው እንደተሰማ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የጻፈው እግሩ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ የሚል ምኞት ነበር፤ ያኔ ቡድኑ ከእሱ በላይ መሆኑን ሰው ያይ ነበር ሲል። አንድ ወጣት ለጓደኞቹ ሲል ስብራቱ እንዲፈጥን የሚመኝበት ሥርዓት ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ትራቪስ በኋላ በኒውዮርክ ጄትስ ቢመረጥም ከዚያ ጉዳት ሳያገግም፣ አንድም የኤንኤፍኤል ጨዋታ ሳያደርግ በ2025 ከሜዳ ተሰናበተ።

▪️ 63 ለ 3

የኮሚቴው ደጋፊዎች አንድ ትልቅ ማስረጃ አላቸው። ዲሴምበር 30 ቀን በኦሬንጅ ቦውል ጆርጂያ ፍሎሪዳ ስቴትን 63 ለ 3 ደቆሰው። በቦውል ጨዋታዎች ታሪክ ከዚህ የሰፋ ልዩነት የለም። “አላልናችሁም?” ተባለ።

ያን ቀን የተሰለፈው ግን ያ 13 ጊዜ ያሸነፈው ቡድን አልነበረም። ከ20 የሚበልጡ ተጫዋቾች አልተጫወቱም። ገሚሱ ለኤንኤፍኤል ምርጫ ሰውነቱን ለመጠበቅ ቀረ፣ ገሚሱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ወጣ፣ ገሚሱ ተጎድቷል። ዋንጫ በሌለው ጨዋታ ላይ ማን እግሩን ያስሰብራል? ማሸነፍ ዋጋ የለውም ተብለው የተነገራቸው ወጣቶች የተነገራቸውን አምነው ሄዱ። “ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም” እንዲሉ፣ የውድድሩ ባለቤቶች ያቀለሉትን ድል ተጫዋቹ ሊያከብረው አይችልም። ውሳኔው ያመጣውን ውጤት ለውሳኔው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ቤት አፍርሶ “ድሮም ሊወድቅ ነበር” እንደማለት ነው።

▪️ ከሜዳ ወደ ፍርድ ቤት

ቁጣው ታላሃሲ ላይ አልቆመም። የፍሎሪዳ ገዢ ሮን ዴሳንቲስ ለክርክር የሚሆን 1 ሚሊዮን ዶላር በበጀት እንዲያዝ ሐሳብ አቀረበ። ዲሴምበር 22 ቀን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የገዛ ኮንፈረንሱን፣ አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስን ለመክሰስ ወሰነ። እስከ 2036 የሚያስረው የቴሌቪዥን መብት ውል ነበረበት፤ ለመውጣት 572 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስከፍለው በክሱ ላይ አሠፈረ። ቅሬታው ከዚያ ዓመት በፊት የጀመረ፣ ሥሩም ገንዘብ ነው። ነገር ግን 13 ለ 0 ሆኖ እንኳ በር ላይ መቅረት “ይህ ኮንፈረንስ አያዋጣም” ለሚሉት ሰዎች የመጨረሻውን መከራከሪያ ሰጣቸው። ጉዳዩ በማርች 2025 በስምምነት ተቋጨ።

በሜዳ ላይ ግን ቡድኑ አልተጠገነም። በ2024 ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ይህን ሁሉ በኮሚቴው ላይ መጫን ሐቅ አይሆንም። ነባሮቹ ሄደዋል፣ የተተኪዎቹ ምርጫ አልሠመረም፣ አሰልጣኙም ድርሻ አለው። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ቡድን በየዓመቱ እንደማይገኝ ያሳያል። ዕድሉ አንድ ጊዜ ነው የመጣው፤ የተነጠቀውም ያኔ ነው።

▪️ ምን ተለወጠ?

ከ2024 ጀምሮ የሚፋለሙት ቡድኖች 12 ሆኑ። አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች የማንንም ይሁንታ ሳይለምኑ ይገባሉ። ለውጡ ከፍሎሪዳ ስቴት ጉዳይ በፊት የተወሰነ ቢሆንም፣ የ2023ቱን በደል የመሰለ ነገር እንዳይደገም በር ይዘጋል። ጥሩ ነው። ቀሪዎቹን ሰባት ወንበሮች ግን አሁንም የሚያድለው ያው ኮሚቴ፣ በዚያው በዝግ ቤት ነው። ወንበር ቢበዛ ጠብ ይቀንስ ይሆናል፤ የፍርዱን ጠባይ ግን አይቀይረውም።

ሊስተካከሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የተጎዳ ተጫዋችን እያዩ የወደፊቱን መተንበይ ከመመሪያው ይውጣ፤ ቡድን በሠራው ይመዘን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል የሰጠው ድምፅ ከነስሙ ይታወቅ። በአደባባይ ለሚጫወት ወጣት በምሥጢር መፍረድ አይገባም።

ሚሺጋን ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ዋሽንግተንን 34 ለ 13 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ይገባዋል፤ ሜዳ ላይ ነው ያገኘው። ፍሎሪዳ ስቴት ቢገባ ኖሮ በመጀመሪያው ጨዋታ ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ምናልባትም በሰፊ ልዩነት። ቢሆንስ? መሸነፍም ለተጫወተ ሰው የሚገባ መብት ነው። እነዚያ ልጆች የተነፈጉት ዋንጫውን ሳይሆን፣ በገዛ እጃቸው የመሸነፍን ዕድል ጭምር ነው።