የኮርሳ ጎማ በሐረጎ ቁልቁለት፤ በግራም ይመዘን ወይስ በኪሎ ሜትር?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በሚኒባስ ለሚጓዝ ሰው ወሬው ሳያልቅ የሚያልቅ መንገድ ነው። በኮርሳ ብስክሌት ለሚጓዝ ግን ነገሩ ይለያል፤ ኮምቦልቻ 1 ሺህ 850 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ደሴ 2 ሺህ 500 ሜትር ትጠጋለች። በመካከሉ ሐረጎ አለ። ሽቅብ ሲወጡት የሚፈተነው እግርና ሳንባ ነው፤ ቁልቁል ሲወርዱት ግን ፈተናው የጎማ ነው።

ኮርሳ ሊገዛ የመጣ ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቅለቱ ነው። ብስክሌቱ ስንት ኪሎ ነው? ጎማውስ ስንት ግራም? ሻጩም ይህንኑ ስለሚያውቅ ቀላሉንና ቀጭኑን ያወጣለታል፤ በተለይ ቱቡላር የሚባለው ከተገኘ «የሻምፒዮናዎች ጎማ ነው» ብሎ ዋጋውን ይሰቅላል። ይህ አሻሻጥ ሜዳ ላይ ላለ ከተማ ይሠራ ይሆናል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ግን ገዥውንም ነጋዴውንም የሚጎዳ አሻሻጥ ነው።

ቱቡላር ከተራው ጎማ የሚለየው በአሠራሩ ነው። ተራው ጎማ በጠርዙ ሽቦ አለው፤ በዚያ ሽቦ የቸርኬውን ከንፈር ይነክሳል፤ ከመነዳሪው ለብቻው ይወጣል፣ ይገባል፣ ይለጠፋል። ቱቡላር ግን ከመነዳሪውን በሆዱ ይዞ ዙሪያውን የተሰፋ ነው። ቸርኬውም ከንፈር የለውም፤ ጎማው የሚቀመጠው በማስቲሽ ተጣብቆ ነው። ቀላል ነው፣ ብዙ ንፋስ ይችላል፣ ጥሩ ተጣብቆ ከሆነም ድንገት ቢተነፍስ ከቸርኬው አይወልቅም። ይህ የመጨረሻው ለቁልቁለት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሊካድም አይገባም። ክፋቱ ሲቀደድ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ቢወሰድ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ከመነዳሪው ተለጥፎ፣ እንደገና በእጅ ተሰፍቶ ካልሆነ አይጠገንም። ይህን የሚሠራ እጅ ደግሞ በየመንደሩ አይገኝም።

ታዲያ በዚህ መንገድ ጎማ የሚቀድደው ምንድን ነው? ብዙ ሰው እሾህ ይላል። እውነት አለው፤ ከኮምቦልቻ በታች ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ፣ እንዲሁም ወደ ባቲ ሲወርዱ የግራር እሾህ አስፋልት ላይ መገኘቱ አይቀርም። ዋናው ጠላት ግን ሌላ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ለሚገባው ጭነት ኮምቦልቻ መገናኛ ናት፤ ደረቅ ወደቡም፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ናቸው። የከባድ መኪና ጎማ በሆዱ የብረት ሽቦ መረብ አለው። ጎማው ሲፈነዳ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ሽቦ ተሰባብሮ በመንገዱ ዳር ይበተናል፤ ብስክሌተኛው የሚሄደውም በዚያው ዳር ነው። ይህ ሽቦ ንፋሱን በአንዴ አያወጣም፤ ቀስ እያለ ነው። ነጂው የሚያውቀው ጎማው ልፍስፍስ ሲልና መሪው ሲከብድ ነው፤ እሱም ሐረጎ ላይ ከሆነ መጥፎ ቦታ ላይ ማወቁ ነው።

ስለዚህ ቱቡላር የሚገዛ ሰው ከግራሙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው በመርገጫው ላስቲክና በክሩ መካከል ቀበቶ መኖሩን ነው። ቀበቶው ከኬቭላር፣ ከቬክትራን ወይም ጥቅጥቅ ካለ ጨርቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የጀርመኑ ኮንቲኔንታል «ኮምፒቲሽን» በሚለው ቱቡላሩ ውስጥ ቬክትራን ያስገባል፤ «ጋተርስኪን» የሚለው ደግሞ ከቀበቶው ሌላ ጎኑን በናይለን መረብ ይሸፍናል። የቼኩ ቱፎ በበኩሉ ለብቻው የሚወጣ ከመነዳሪ የለውም፤ ትንንሽ ቀዳዳ ቢገጥመው በቫልቮላው በሚጨመር ደፋኝ ፈሳሽ ይታከማል። ጎሚስታ በሌለበት መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጎኑ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በጎማው ላይ የክሩ ብዛት በኢንች ተጽፎ ይገኛል። 320 የሚል የጥጥ ጎማ ክሩ እጅግ ቀጭን ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ይፈጥናል፣ ለውድድር ቀን ይምረጡት ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን የጠጠር ስለት ጎኑን ከሰነጠቀው ምንም ፈሳሽ አያድነውም። ለዕለት ልምምድ ክሩ ወፍራም፣ ጎኑ የተሸፈነ ጎማ ይሻላል። ስፋቱም ቢሆን 21 እና 22 ሚሊ ሜትር የሚባለው ፋሽን አልፎበታል። ቸርኬውና ፍሬኑ ከፈቀዱ 25 ወይም 28 ይሻላል፤ ሰፋ ያለ ጎማ ንፋሱ ትንሽ ቀንሶ ቢሞላ ድንጋይ ሲመታ ይለዝባል፣ መንገድም ይይዛል። ጎሚስታው ለመኪና በለመደው እጅ ዝም ብሎ እንዲሞላው ግን መተው አይገባም፤ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ልክ ማሳየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ነጂውና ብስክሌቱ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 530 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ከዚህ ከፊሉን አየር ይወስደዋል። ነጂው በየመታጠፊያው ፍሬን እየያዘ ቀስ ብሎ ከወረደ ግን አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ የሚያሻቸው ቸርኬ ላይ ያርፋል። ሙሉው ጉልበት ቢሰበሰብ አንድ ተኩል ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃ ነበር። ማስቲሹ ያለው በዚያው ቸርኬ ላይ ነው። ማስቲሽ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ በደንብ ያልተጣበቀ ቱቡላር በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ይንከባለላል። ይህ የፈሪ ወሬ እንዳይመስል፣ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ስፔናዊው ሆሴባ ቤሎኪ ወደ ጋፕ ከተማ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ሙቀት ያቀለጠው አስፋልት ገጥሞት፣ የኋላ ጎማው ተንሸራቶና ከቸርኬው ወልቆ ወደቀ፤ ጭኑን፣ ክርኑንና የእጁን አንጓ ተሰበረ። ከኋላው የቡድን መኪና፣ መካኒክና ሐኪም የሚከተለው ሰው ነበር።

የማስቲሹ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቸርኬው ይጸዳል፤ ቸርኬውም የጎማው ሆድም ስስ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይቀባል፤ ጎማው ከገባ በኋላም አንድ ቀን ሙሉ ሳይነዳ ማደር አለበት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ብሂል እዚህ አይሠራም። በመንገድ ላይ ትርፍ ጎማ የቀየረ ሰውም ያ ጎማ እንደ ፊተኛው እንዳልያዘ ማወቅ አለበት፤ ሐረጎ ላይ ከቀየረ ቁልቁለቱን እንደ እግረኛ ቢወርድ አያፍርም። ትርፉ ጎማ ራሱ 250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል፤ ትርፍ ከመነዳሪ ግን 100 ግራም ቢሆን ነው። በቅለት ስም የተገዛው ቱቡላር ቅለቱን እዚህ ጋ ይመልሳል።

ለነጋዴው የቀረው ሒሳቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጎማ ዋጋው ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ የገዥው ጥያቄ «ስንት ብር ነው?» ከሚለው ወደ «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» መዞሩ አይቀርም። ለስሌት ያህል፣ በ3 ሺህ ብር የተገዛ ቀጭን ጎማ 1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኪሎ ሜትሩ 2 ብር ነው። በ5 ሺህ ብር የተገዛ ቀበቶ ያለው ጎማ 4 ሺህ ቢሄድ ኪሎ ሜትሩ 1 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ውዱ የረከሰው ይሄኔ ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ጽፎ ለደንበኛው የሚያሳይ ሱቅ ብዙ አይታይም፤ ቢያሳይ ግን ያተርፍበታል።

የቆየ ዕቃ ሌላው ችግር ነው። ላስቲክ በፀሐይና በአየር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጎማ በሱቅ ደጃፍ ሰቅሎ ዓመት ማቆየት ማስታወቂያ ይመስላል እንጂ ዕቃን በገዛ እጅ ማርከስ ነው፤ ደጋማ ፀሐይ ደግሞ አይምርም። ገዥው ጎማውን አጠፍ አድርጎ ጎኑን ቢመለከት ስንጥቁ ራሱ ይናገራል። ቱቡላር ሲሆን የስፌቱን መሸፈኛ ጨርቅም በጣት መፈተሽ ነው፤ ጠርዙ ከተላቀቀ መመለስ ነው።

ኮርሳ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ቸርኬ፣ ማስቲሽ፣ ከመነዳሪ፣ ኮርሳ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከዚያ ቡድን ነው። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ግን ታላላቆቹ ቡድኖች ራሳቸው ቱቡላሩን እየተዉ ያለ ከመነዳሪ በፈሳሽ ወደሚሠራው ጎማ ዞረዋል። ፋብሪካዎች ገዥ በቀነሰበት ዕቃ ላይ ምርጫ እያጠበቡ መሄዳቸው ያለ ነው። ዛሬ በቱቡላር ብዙ ገንዘብ የሚያስር አስመጪ ነገ ትርፍ ጎማ ፍለጋ መርካቶን ሲያዳርስ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ከባድ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ቀበቶ ያለው ባለ ሽቦ ጎማ፣ ሁለት ከመነዳሪና አንድ ፖምፓ ይበቃዋል። ቱቡላር የሚገባው ቸርኬው ለሌላ ጎማ የማይሆን ብስክሌት ለያዘ፣ ወይም ለውድድር ለሚነዳና ማጣበቅ ለሚያውቅ ነው፤ ያም ቢሆን ጎኑ የተሸፈነውን ይምረጥ። ነጋዴውም ቱቡላር የሚያመጣ ከሆነ ማስቲሹን፣ ደፋኙን ፈሳሽና መስፋት የሚችል አንድ ባለሙያ አብሮ ያምጣ። እነዚህ ከሌሉት ለዚያ ወጣት የሚሰጠው ባለ ሽቦውን ጎማ ነው።